ቡናዬን ከምሳ አራቅኋት

እንዴት ሰነበትሽ የኔ ዓለም? ግቢ ከተመለስሽ ሁለት ሳምንትሽ ነው፤ ያቺ የጥምቀት ቀን ግን ከዓይኔ አልጠፋ ብላኛለች። በከተራ ታቦቱን አጅበን ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ስንወርድ ደህና ነበርሽ። በማግስቱ ሽቅብ ስንመለስ ነው እንግዲህ ትንፋሽ አጥሮሽ መንገድ ዳር ቁጭ ያልሽው። እኔም ሰነፍ ብዬ ተቆጣሁሽ። በኋላ ተመርምረሽ ሄሞግሎቢንሽ፣ ማለት የደምሽ መጠን መለኪያው፣ 10.2 ነው ሲሉኝ አፈርኩ። ለሴት ከ12 በታች ከሆነ የደም ማነስ ነው፤ እንደኛ ደጋ ላይ ለሚኖር ደግሞ ልኩ ከዚያም ከፍ ይላል።

ግቢ የምትበዪውን ሳስበው፦ ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ምሳ ሽሮ፣ ከምሳ በኋላ ከጓደኞችሽ ጋር ሻይ፣ ማታ የካፌው ሰልፍ ከረዘመ ብስኩት በሻይ። ሽሮውን አልወቅስም። ሽሮም ምስርም ደም የሚሠራበት ብረት አላቸው፤ ግን የእህል ብረት እንደ ሥጋው በቀላሉ ሰውነት ውስጥ አይገባም፣ ላዩ ላይ ሻይ ወይ ቡና ሲደፋበት ደግሞ ያችው ትንሿም ትቀራለች። ማን አስለመደሽ? እኔው ነኝ። ትሪው ሳይነሳ ረከቦት የማቀርብ!

«ጤፍ የሚበላ ሰው ደም አያንሰውም» ብዬ ከነርሷ ጋር መከራከሬ አሁን ያስቀኛል። ከጤፉ ብረት ከፊሉ አውድማ ላይ የነካው አፈር ነው፣ እሱም ለሰውነት እምብዛም አይጠቅምም አለችኝ። ዝም አልኩ።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ነው፣ 55 ቀን። ጹሚ አትጹሚ አልልሽም፣ እሱን ከንስሐ አባትሽና ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪ። ከጾምሽ ግን ምስሩ ላይ ሎሚ ጨምቂበት፣ ቃሪያና ቲማቲም ጥሬውን አጠገቡ ይኑር፤ ብረቱ እንዲገባ የሚረዳው እሱ ነው። የታዘዘልሽን የብረት እንክብል በውሃ ዋጪው፣ በሻይ እንዳይሆን። ሰገራሽ ቢጠቁር አትደንግጪ፣ ከእንክብሉ ነው። ሻል ሲልሽም በራስሽ እንዳታቆሚው፤ ቁጥሩ ከተስተካከለ በኋላም ለወራት ይወሰዳል። የወር አበባሽ እንደሚበዛ ለኔ ብቻ ሹክ ብለሽ ምን ላደርግልሽ? ለሐኪም ንገሪ፣ አትፈሪ።

ወደዚያ የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ፣ የሽምብራ ቆሎ እልክልሻለሁ። እኔም ቡናዬን አሁን ከምሳ አንድ ሰዓት አቆይቼ ነው የማፈላው። ጎረቤቶቼ አኩርፈዋል።

እናትሽ፣ ከጎንደር