ወረቀቱን ሳላየው እንዳትፈርሚ

ሚሚዬ፣

ትናንት በስልክ «አባዬ፣ ባንኩ ሎን ሞዲፊኬሽን ሊሰራልን ነው፣ የቤት ብድሩን ውል አሻሽሎ የወር ክፍያውን ሊያቀልልን» ስትይኝ ዝም ያልኩት ሳልደሰት ቀርቼ አይደለም። ሆዴን ባር ባር ብሎት ነው።

ያኔ፣ በፈረንጆቹ 2009፣ አንቺ 14 ዓመትሽ ነበር። ታክሲው ቀዝቅዞ ቨርጂኒያ ውድብሪጅ የነበረንን ቤት ሞርጌጅ፣ የቤት ብድሩን ማለቴ ነው፣ በወር 2,400 ዶላር መክፈል አቃተኝ። ባንኩ በአዲሱ የመንግሥት ፕሮግራም «ለ3 ወር ሙከራ 1,500 ክፈል» አለኝ። ከፈልኩ። 3ቱ ወር ሲያልፍ «ገና እየታየ ነው፣ ቀጥል» አሉኝ። 9 ወር ከፈልኩ። በየወሩ የጎደለው 900 ዶላር ውዝፍ እየሆነ እንደሚጠራቀም የነገረኝ የለም። በመጨረሻ «ማስረጃ ስላልተሟላ አልተፈቀደም» የሚል ደብዳቤ መጣ። የጎደለ ያሉትን የደመወዝ ወረቀት ሁለቴ በፋክስ ልኬ ነበር! እናትሽ ቡና የደፋችበት የፋክሱ ደረሰኝ አሁንም አለ። ከ8 ሺህ ዶላር በላይ በአንዴ አምጣ ተባልኩ።

ወደ አሌክሳንድሪያ አፓርታማ የገባነው ለትምህርት ቤትሽ ብለን አልነበረም። ዋሽተንሻል።

ስለዚህ ሙከራ ላይ ነን ማለት ተፈቀደልን ማለት አይደለም። አንቺም ባንኩም የፈረማችሁበት ውል እጅሽ እስኪገባ ድረስ የላክሽውን ሁሉ ቅጂ ያዢ። ስልክ ያነሳውን ሰው ስም ከነቀኑ ጻፊ። ማመልከቻው ደግሞ ቤቱ ለጨረታ ከመቅረቡ ከ37 ቀን በላይ ቀደም ብሎ ተሟልቶ ይድረስ፤ ከዘገየ ጨረታውን ላያስቆምልሽ ይችላል።

ውሉ ሲመጣ የወር ክፍያው ቀነሰ ብለሽ ብቻ አትፈርሚ። ያልተከፈለው ወለድ ዋናው ዕዳ ላይ ይደመራል፣ ዘመኑም እስከ 40 ዓመት ሊለጠጥ ይችላል። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ወለዱ ነው። ያንቺ ብድር የ2021 ነው፣ በ3 ከመቶ። በ300 ሺህ ዶላር ላይ ይህ በዓመት 9 ሺህ ያህል ነው። ሲሻሻል በዛሬው ገበያ 6 ካደረጉት 18 ሺህ ሆነ ማለት ነው። መጀመሪያ «ወለዱ ሳይነካ ውዝፉ ብቻ ወደ ብድሩ መጨረሻ አይገፋልኝም ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። እሱም ቢሆን ዕዳ ነው፣ ቤቱን ስትሸጪ ይቆረጣል። ግን 3 ከመቶሽ አይነካም።

«እኔ ላስጨርስልሽ» የሚል ሰው ከመጣ በሩን ዝጊበት። እኔ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ላገኘሁት፣ ለዚያውም ላገሬ ልጅ፣ የእቁብ ገንዘቤን 3,000 ዶላር ሰጥቻለሁ። «ባንኩን አታናግር» አለኝ፤ ከዚያ ስልኩ ጠፋ። ዛሬ እንዲህ ያለ አስጨራሽ ባንኩ በጽሑፍ ያቀረበውን ሳያመጣልሽ ገንዘብ መቀበሉ በፌዴራል ደንብ ክልክል ነው። ሃድ (የፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት) ያጸደቃቸው የቤት አማካሪዎች ደግሞ ቤቱ ሊወሰድበት ለደረሰ ሰው በነፃ ይረዳሉ።

ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ አውጪልኝ። ባልሽም ይኑር፣ ሥራ ስለፈታ አይፈር፤ እኔም ፈትቼ አውቃለሁ። መነጽሬን እንዳልረሳ ጠዋት ደውይልኝ።

አባትሽ