የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችን ጨዋታ ስለሚመለከት ቅሬታ የተሰጠ መልስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ባለፈው ሳምንት በደብዳቤዎች ዓምዳችሁ አንድ አንባቢ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ሥራቸውን ትተው ወሬ ይዘዋል ሲሉ ያቀረቡትን ቅሬታ አነበብሁት። የቤተ መጻሕፍቱ ስም ባይጠቀስም «ስለ ሽንኩርት ዋጋ ሲስቁ ነበር» የሚለው ላይ ስደርስ እኛ መሆናችንን ለማወቅ አልተቸገርሁም፤ የሽንኩርቱን ነገር ያነሣሁት እኔ ነኝና። ተመልሶ በመጣ አንድ የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ የሽንኩርትና የዘይት ሒሳብ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ተረስቶ አገኘሁ፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት የነበረውን ዋጋ ጮክ ብዬ ሳነብላቸው አንዱ ባልደረባዬ «ይህስ ወደ ጥንታዊ ሰነዶች ክፍል ይተላለፍ» በማለቱ ነው ሳቁ ያመለጠን።

ቅሬታው በአንድ በኩል እውነት መሆኑን አልክድም። ወደ እኛ ከሚመጡት አብዛኞቹ ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጁ፣ የራሳቸውን ደብተርና መጽሐፍ ይዘው ወንበርና ጸጥታ ብቻ የሚፈልጉ ልጆች ናቸው፤ ሶኬት አጠገብ ያለውን ቦታ ለመያዝ በር ሳይከፈት ይሰለፋሉ። በዚያ ቀን ስንስቅ አንዲት ልጅ ደብተሯን ሰብስባ፣ ቀና ብላም ሳታየን፣ ወደ ወዲያኛው መስኮት ጥግ ስትሄድ ተመልክቻለሁ። ብትቆጣን ይሻለኝ ነበር። እሷንም፣ ቅሬታ አቅራቢውንም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ወሬው ግን ከሥራው የተለየ ነው የሚለውን አልቀበልም። መጻሕፍታችንን የምንደረድረው አሜሪካዊው ሜልቪል ዲዊ በ1876 እ.ኤ.አ. ባሳተመው፣ ዕውቀትን ሁሉ ከ000 እስከ 999 ባሉ ቁጥሮች በሚከፍለው ዘዴ ነው። የአገራችን ታሪክ 963 ላይ፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ 892.87 ላይ፣ ወጥ አሠራር 641.5 ላይ ይቀመጣል። ቀኑን ሙሉ ከእነዚህ ቁጥሮች ጋር የሚውል ሰው የአገሩን ወሬም በእነሱ መናገር ይለምድበታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ሰሞን፣ የብርን አቅም የሚተነትኑ ቆየት ያሉ የኢኮኖሚክስ መጻሕፍትን ከ330 አንሥተን ወደ 398፣ ማለትም ወደ ተረት መደርደሪያ እናዛውራቸው ወይ ብለን በሻይ ሰዓት ተከራክረናል። መደርደሪያዎቹን ገፍተን መተላለፊያውን ባሰፋን ቀን ደግሞ የጽዳት ባልደረባችን መጥረጊያዋን ተደግፋ ጥቂት ካየች በኋላ «የኮሪደር ልማቱ እኛም ጋ ደረሰ» አለች። ይህ ለሚሰማው ቧልት ሊመስል ይችላል፤ ግን ከመካከላችን ማንም ሰው ከዚያ ወዲህ 398 ምን እንደሆነ አልረሳም።

የምንጠቀምበት የኮምፒዩተር ፕሮግራም ውጭ አገር የተሠራ ስለሆነ የስም መጨረሻ ሁሉ የቤተሰብ ስም ይመስለዋል፤ ስለዚህ ካልተጠነቀቅንለት ደራሲውን በአባቱ ስም ሥር ይመዘግበዋል። «ልጅ ጻፈ፣ አባት ተሸለመ» የሚለው አባባላችን የመጣው ከዚህ ነው። «ፀሐይ» ብሎ የፈለገ አንባቢ «ጸሐይ» ተብሎ የተመዘገበውን መጽሐፍ አያገኘውም፤ ሰው ከ«ፀ»ና ከ«ጸ» አንዱን መርጦ ሲጽፍ ማሽኑ ሁለቱን እንደ ሁለት ባዕዳን ያያቸዋል። ጳጉሜንን ጨርሶ ስለማያውቃት የመመለሻ ቀን በእነዚያ አምስት ወይም ስድስት ቀናት ላይ ሲውል በእጃችን እንጽፋለን፤ በጳጉሜን የተዋሰ ዕድለኛ ነው እንባባላለንም። አዲስ የተቀጠረ ልጅ ይህን ሁሉ ከመመሪያ መጽሐፍ አልተማረውም። ከእኛ ጋር ሻይ እየጠጣ፣ እየሳቀ ነው የተማረው።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለፈው ዓመት አንድ አዛውንት ሦስት ቀን ተመላልሰው «ስለ ቤት የተጻፈ» ብለው ጠየቁን። በመጀመሪያው ቀን ስለ ቤት አሠራር፣ በሁለተኛው ስለ ከተማው ታሪክ የተጻፉ መጻሕፍት አቀረብንላቸው፤ ገለጥ ገለጥ አድርገው፣ አመስግነው መለሱልን። በሦስተኛው ቀን አከራዩ ኪራይ የጨመሩበት አንድ ባልደረባችን «እንግዲህ ጠቅልዬ 728 ቁጥር፣ የመኖሪያ ቤቶች ሥነ ሕንፃ መደርደሪያ ውስጥ እገባለሁ፤ እዚያ ቪላ ሞልቷል» እያለ ሲያስቀን አዛውንቱ ከተቀመጡበት ሆነው ሰሙት። ሳቁና «አይ ልጄ፣ አንተስ የሰው ቤት ነው፤ የእኛን የራሳችንን ነው የወሰዱብን» አሉት። «መቼ ነው ጋሼ?» ብሎ ጠየቃቸው። «ሐምሌ ነው፤ ዝናብ ነበር፤ አባቴ ሬዲዮኑን አልዘጉትም፣ ዝም ብለው ብቻ ተቀመጡ» አሉ። ይፈልጉ የነበረው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት የተደረገበትን አዋጅ ቁጥር 47/1967ን ነበር፤ ስሙን ባለማወቃቸው ሊጠይቁን አልቻሉም፣ እኛም እንደ ሥርዓቱ በሹክሹክታ «ምን ዓይነት መጽሐፍ?» ከማለት አላለፍንም። የ1967ቱን የነጋሪት ጋዜጣ ጥራዝ ከመጋዘን አወጣንላቸው። በእኛ ዘንድ ባይገኝ ኖሮ በ1936 ዓ.ም. ወደ ተመሠረተው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ወደ ወመዘክር፣ ልንልካቸው ነበር። ኮፒ እናንሣልዎ ብንላቸው እምቢ ብለው፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አስረው፣ ከሰዓቱን ሙሉ በእጃቸው ሲገለብጡት ዋሉ።

አሁን ደግሞ ለምን በንባብ ክፍሉ ውስጥ እንደምናወራ ልናገር፤ ቅሬታ አቅራቢው ይህን ሊያውቁ አይችሉምና። የሠራተኞች ክፍል ነበረን። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ መጽሐፍ መለገስ የተለመደ በጎ ነገር ሆኗል፤ ለእኛም ብዙ ሰው ለግሶናል፣ እናመሰግናለን። ከካርቶኖቹ የወጡት ብዙዎቹ ጠቃሚዎች ሲሆኑ ወዲያውኑ መደርደሪያ ገብተዋል። የቀሩት ግን የሠራተኞቹን ክፍል ከወለል እስከ ጣሪያ ሞልተውታል፤ የዊንዶውስ 95 መማሪያ ብቻ አሥራ አንድ ቅጂ ቆጥሬአለሁ፤ የሌላ አገር የግብር ሕግም አለ፣ እርሱም የተሻረ ነው። አንዴ በንብረትነት ከተመዘገቡ በኋላ የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ካልወሰነ አንዲት ቅጠል ማውጣት አይቻልም፤ ኮሚቴው ደግሞ አባላቱ ተሟልተውለት አያውቅም። እነሆ ሻያችንንም፣ ምደባችንንም፣ ክርክራችንንም ይዘን ወደ መረጃ መስጫው ጠረጴዛ ተሰደድን።

በዚያ ጠረጴዛ አናት ላይ ደግሞ «ጸጥታ ይከበር» የሚል ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ስለ ራሳችን ብዬ አይደለም የማነሣው፤ እኛማ እንደታየው ደፍረነዋል። የሚያሳስበኝ ጥያቄ ይዞ መጥቶ፣ ሰሌዳውን ቀና ብሎ አንብቦ፣ ሳይጠይቅ የሚመለሰው ልጅ ነው። አስተዳደሩን የምለምነው ሁለት ነገር ነው፤ ኮሚቴውን አሟልቶ ካርቶኖቹን እንዲያነሣልንና የመረጃ ጠረጴዛውን ከንባብ ክፍሉ አውጥቶ በመግቢያው በር አጠገብ እንዲያደርገው። ሰሌዳው እዚያው ንባብ ክፍሉ ውስጥ ይቅር፤ ቦታው ነው።

ቅሬታ አቅራቢው በዚያ ቀን የመጡበትን መጽሐፍ ማግኘት አለማግኘታቸውን በደብዳቤያቸው አልገለጹም። ካላገኙት እባክዎ ጠዋት በአራት ሰዓት ብቅ ይበሉ። የሻይ ሰዓታችን ስለሆነ ሁላችንም በአንድነት እንገኛለን።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ
አዲስ አበባ