«ጠላት» ነው ያለው ወይስ «ባዳ»?

ውድ አዘጋጅ፣

ሰሞኑን ስለ አንድ የፖለቲካ ተንታኝ «የዘረኝነት ንግግር አደረገ» የሚል ዜና አውጥታችሁ ነበር። የሰውየውን ስም አልደግመውም፤ ከበቂ በላይ ተጠርቷል። ዜናችሁ የቆመው በአንድ የ40 ሰከንድ ቪዲዮ ላይ ነው። ሰውየው የሚያወራው በአፋን ኦሮሞ ነው። ከሥር የተለጠፈው የአማርኛ ጽሑፍ የአማራን ሕዝብ «ጠላት» ሲል ያሳያል።

ቪዲዮውን መጀመሪያ ያየሁት እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ሰፈራችን ያለች ቡና ቤት ውስጥ ነው። ጠዋት ነው፤ ብርዱ ጋቢ ላይ ጋቢ ያስደርባል። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ያየው ሁሉ ይሳደባል። እኔም ተሳድቤያለሁ፣ አልዋሽም። አንድ ከሰንበቴ በኩል የመጣ ልጅ ግን ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ደጋግሞ ሰማው። የሰንበቴን የእሁድ ገበያ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አፋሩ ተቀላቅሎ የሚገበያይበት ነው። የዚያ አገር ልጅ ሁለት ቋንቋ ትምህርት ቤት ሳይገባ ያውቃል።

«ጋሼ፣ ይሄኮ ጠላት አላለም» አለኝ። «ኦርማ ነው ያለው። ጠላት ቢል ኖሮ ዲና ይል ነበር።»

«ኦርማ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ባዳ እንደማለት ነው።»

ቤቱ ዝም አለ። ቡና የምታፈላው ልጅ ሲኒዋን እያጠበች፣ «ታዲያ ባዳ መባሉስ ምኑ ያምራል?» አለች።

እውነቷን ነው። አያምርም። ግን ባዳን ሰው ቢበዛ ያኮርፈዋል፤ ጠላት ላይ ዱላ ይነሣበታል። አጣዬ በ2013 ሚያዝያ ስትቃጠል እዚያው አካባቢ ነበርኩ። ከተኩሱ ቀድሞ የሚደርሰን ወሬው ነበር። ስለዚህ አንዲት ቃል በትርጉም ስትለወጥ እንደ ቀላል ስህተት ላያት አልችልም።

ማታ ሙሉውን ፕሮግራም ፈልጌ አገኘሁት። አንድ ሰዓት ከ40 ነው፤ የጥቅል ኢንተርኔቴን ጨረሰው። የሰንበቴው ልጅ እያስተረጎመልኝ በሁለት ምሽት ጨረስነው። 52ኛው ደቂቃ ላይ ልጁ ማስተርጎሙን አቆመ። «ምን አለ?» ብለው ዝም። ኋላ እንደ ማፈር እያለ ነገረኝ። ሰውየው ስለዚያው ሕዝብ ሲያወራ፣ ውሸት ከእናታቸው ጡት ጋር የጠቡት ነገር ነው ብሏል። አንድ ፓርቲ ወይም አንድ ባለሥልጣን አይደለም የሚወቅሰው። ሕፃኑንም ሽማግሌውንም ነው። ለእኔ ዘረኝነት ማለት ይህ ነው። ይህን ማንም አልቆረጠውም፣ ማንም አላጋራውም፣ እናንተም አልጻፋችሁትም።

ይህ የእኛ አገር ጣጣ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው የሬዲዮ ተንታኝ ራሽ ሊምባው እ.ኤ.አ. በ2009 የእግር ኳስ ቡድን ከሚገዙ ባለሀብቶች ጋር ሊገባ ሲል (የእነሱ እግር ኳስ መቼም በእጅ ነው) ባርነትን አወድሷል የሚል ጥቅስ ተሰራጨበት። ተናግሮታል የሚል ማስረጃ አልተገኘም፤ ያስተላለፉት አንዳንድ ጋዜጠኞችም ይቅርታ ጠየቁ። ይኸው ሰው ግን እ.ኤ.አ. በ2003 ዶኖቫን ማክናብ ስለሚባል ጥቁር ተጫዋች በቴሌቪዥን አስተያየት ሰጥቶ ነበር። ተጫዋቹ ከችሎታው በላይ የሚወደሰው ሚዲያው ጥቁር እንዲሳካለት ስለሚፈልግ ነው አለ። ይህን ካሜራ ፊት ነው የተናገረው፤ ከጣቢያውም የለቀቀው በዚሁ ነው። የውሸቱ ጥቅስ የጠቀመው ራሱን ሊምባውን ነው። «ይኸው፣ ይዋሹብኛል» ለማለት በር ከፈተለት። የእኛም ተንታኝ ነገ ስለ 52ኛው ደቂቃ ቢጠየቅ ስለ «ጠላት» የተሳሳተ ትርጉም እያወራ ያመልጣል። በሩን የከፈታችሁለት እናንተ ናችሁ።

ይታሰር እያልኩ አይደለም። የጥላቻ ንግግር አዋጁ፣ ቁጥር 1185/2012፣ ሆን ተብሎ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ጥላቻን የሚያነሣሣ ንግግርን ይከለክላል። እስከ ሁለት ዓመት ያሳስራል። ፖለቲካዊ ትችትን ደግሞ ነፃ ያደርጋል። ንግግሩ የትኛው ጋ እንደሚወድቅ ፍርድ ቤት ይመርምረው። እኔ የምጠይቀው ከእናንተ ነው። አንድን ሰው ዘረኛ ስትሉ ቃሉን በተናገረበት ቋንቋ አስቀምጡልን። በስንተኛው ደቂቃ እንዳለው፣ ማን እንደተረጎመው ጻፉ። ለራሱም ደውሉለት። እርማቱንም ዜናው በወጣበት ቦታ አውጡት፤ ከማስታወቂያ ሥር አትደብቁት።

ቡና ቤት ውስጥ ይህን ሳወራ «አንተ ደግሞ ጠበቃው ሆንክ?» ያሉኝ አሉ። ጠበቃው ብሆን ኖሮ 52ኛውን ደቂቃ ባልጻፍኩላችሁ።

ሙሉውን ቅጂ ስልኬ ላይ ይዤዋለሁ። የደብረ ብርሃን ዘጋቢያችሁ ብቅ ይበልና ይውሰደው። የሰንበቴው ልጅም ከመጣ ደግሜ አስተረጉማለሁ ብሏል፤ ቡናው ግን በዘጋቢው ነው።

አንባቢያችሁ
ከደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ