ከቴሌቪዥኑ በፊት

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከእናንተ ናፍቆት በስተቀር ምንም አልጎደለብኝም።

መልእክትህ ደርሶኛል። ለሁለቱ የእንግዳ ክፍሎች ቴሌቪዥን መግዣ ጠይቀኸኛል። ብሩን እልካለሁ፤ ለቴሌቪዥን ከሚውል ግን እንግዳው በሚገባው ቋንቋ የቤቱን መረጃ ጽፈህ ብታሳትምበት ደስ ይለኛል። የሰሜን ተራሮችን ሊያይ እኛ ደባርቅ የመጣ ሰው ማታ ደክሞት ነው የሚገባው። እሱ ማወቅ የሚፈልገው ሙቅ ውሃ መቼ እንደሚኖር፣ እራት በስንት ሰዓት እንደሚቀርብ፣ ጠዋት በቅሎ ነጂው የት እንደሚጠብቀው ነው። ይህን የሚነግረው ሰው የሚያገኘው አንተ እቤት ስትኖር ብቻ ነው። አንተ ጎንደር ከወረድክ እማዬና እንግዳው ተፋጠው ያመሻሉ።

የምሠራበትን አገር በደንብ አጫውቼህ አላውቅም። ደቡብ ቲሮል ይባላል። ጣልያን ውስጥ ነው፤ አብዛኛው ሰው ግን አፉን የፈታው በጀርመንኛ ነው። እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ የኦስትሪያ ግዛት ነበር። በሙሶሊኒ ዘመን በጀርመንኛ ማስተማር ተከልክሎ ሰው ልጁን በድብቅ ያስተምር ነበር። ዛሬ ሁለቱም ቋንቋዎች በሕግ እኩል ናቸው። በአንዳንድ ሸለቆዎች ደግሞ ላዲን የሚባል ሦስተኛ ቋንቋ አለ። ተናጋሪዎቹ ከክልሉ ሕዝብ ከመቶ 5 እንኳ አይሞሉም። ያም ሆኖ በእነሱ ሸለቆ የመንደሩ ስም በሦስቱም ቋንቋ ይጻፋል። ይህን ሳይ ሁሌም ደስ ይለኛል።

አሠሪዎቼ ገበሬዎች ናቸው። ላም ያልባሉ፣ ፖም ይለቅማሉ፣ ጥቂት ክፍሎችም ለእንግዳ ያከራያሉ። የቤቱ እመቤት እንግሊዝኛ እምብዛም አይችሉም። ግን እንግዳ ግራ ሲጋባ አላየሁም። በየክፍሉ ጠረጴዛ ላይ በጀርመንኛ፣ በጣልያንኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቀጭን ማህደር አለ። አውቶቡሱ ስንት ሰዓት እንደሚያልፍ፣ የቧንቧው ውሃ እንደሚጠጣ፣ ችግር ቢገጥም 112 እንደሚደወል፣ ጥጃ ያላት ላም አጠገብ እንደማይኬድ፣ ሁሉም እዚያ ላይ አለ። እንግዳው ያነባል፣ ይረጋጋል። ከዚያ በኋላ ከእመቤቷ ጋር በምልክትም በፈገግታም ይግባባሉ። ቃላት ቢያጥሯቸውም ዋናው ነገር ቀድሞ ስለተነገረ አይጨናነቁም።

ከሁሉም ይበልጥ ያስተማረኝ ወጥ ቤቱ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ምግብ የሚሸጥ ሁሉ ለአንዳንድ ሰው አለርጂ የሚሆኑ 14 ነገሮችን ማሳወቅ ግዴታው ነው። ዝርዝሩን ሳነበው እማዬ ትዝ አለችኝ። ወተት፣ እንቁላል፣ ለውዝ ይጠበቃሉ። ሰሊጥም አለበት። ሰናፍጭም አለ። ግብጦ እንኳ አለ! የእኛ ጓዳ ውስጥ ያለ ነገር ነው። አለርጂ ያለበት ሰው ደባርቅ ላይ ቢታመም ምን ያህል እንደሚያስፈራ አስበው።

በተለይ እንጀራውን አደራ። ስንዴና ገብስ ክፉኛ የሚያማቸው ሰዎች አሉ። ጤፍ እንደሚስማማቸው ስለሰሙ እንጀራ ሲያዩ ደስ ብሏቸው ይበላሉ። እማዬ ግን ጤፍ ሲወደድ ገብስ እንደምትቀላቅል አንተም ታውቃለህ። ነውር የለውም፣ ደጋ አገር ነው። ብቻ ይጻፍ። «ዛሬ ንጹሕ ጤፍ ነው» ወይም «ገብስ አለበት» የሚሉ ሁለት ካርዶች አዘጋጅላት። በእንግሊዝኛ፣ በጀርመንኛና በፈረንሳይኛ ይሁኑ። እማዬ የዕለቱን አንስታ ታሳያለች። የጾሙንም ምግብ እንዲሁ ለይ። ሥጋም ወተትም የማይበላ እንግዳ ብዙ ነው፤ የእሱ ምግብ ረቡዕና ዓርብ እቤታችን ተሠርቶ ይውላል። ቅቤ እንደሌለው ግን በጽሑፍ ካልተነገረው ፈርቶ አይነካውም።

ሰዓቱም ያሳስበኛል። «ጠዋት 12 ሰዓት እንነሳለን» ስትለው እኩለ ቀን ይመስለዋል። በቅሎው ተጭኖ ይጠብቃል፣ እሱ ተኝቷል። ስለዚህ ሁልጊዜ በእነሱ አቆጣጠር 6፡00 ብለህ ጻፍለት። ክፍል ለመያዝ ሲጽፉልህም ቀኑን በእነሱ ካላንደር መልሰህ አረጋግጥ። የእኛ ታኅሣሥ 29 አብዛኛውን ጊዜ የእነሱ ጃንዋሪ 7 ነው፤ ለገና የሚመጣ ሰው ቀኑ ቢሳሳትበት ሌላ ዓመት አይመለስም።

ያልተመቸውንም ሳትደብቅ ጻፍ። መብራት ይጠፋል። ሽንት ቤቱ ውጭ ነው። ሌሊቱ ይበርዳል፣ ብርድ ልብስ ሲጠየቅ ይጨመራል። ደባርቅ ራሱ ከፍታ ነው፤ ተራሮቹ ላይ ያለው ጨነቅ የሚባለው የድንኳን ሰፈር ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,600 ሜትር ያልፋል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲመጣ መውጣቱን ማቆም፣ ከባሰ ወዲያው መውረድ እንደሚያስፈልግ በሚገባው ቋንቋ ተጽፎ ይጠብቀው። ዋጋውንም በግልጽ አስቀምጥ። ቁርስ ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? ቡናው ግብዣ ነው ወይስ ይከፈልበታል? በእኛ ባህል ይህን መጻፍ ይከብዳል፣ ይገባኛል። ግን ሒሳብ ላይ ከመቀያየም ይሻላል።

የስልኩን አስተርጓሚ ተጠቀም፣ ለጨዋታ ጥሩ ነው። የሚለጠፈውን ጽሑፍ ግን ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ሳያየው እንዳታሳትም። ስለ ሕመምና ስለ ገንዘብ የሚጻፍ ነገር ውስጥ አንድ ቃል ቢሳሳት ጣጣው ብዙ ነው። አማርኛውንም ከላይ አስቀምጥልኝ። እንግዳው ሲጠራው ይለምደዋል፣ እማዬም ምን እያሳየች እንደሆነ ታነባለች።

አሁን እንግዳ እንደ ድሮው እንደማይመጣ አውቃለሁ። በዜና የምሰማው እንቅልፍ ይነሳኛል። ሰላሙ ሲመለስ ግን ሰው መምጣቱ አይቀርም፣ ያኔ ተሯሩጠህ ከምትጽፍ አሁን ጊዜ እያለህ ብታዘጋጀው ይሻላል።

በአማርኛና በምትችለው እንግሊዝኛ ጻፈውና ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ጣልያንኛውን እኔ እሠራዋለሁ። ጀርመንኛውን የእመቤቷ ልጅ ልታይልኝ ቃል ገብታለች። ለፈረንሳይኛው ጎንደር ያለውን አስጎብኚ ጓደኛህን ለምነው። ብሩ በዚህ ሳምንት ይደርስሃል፤ ለማሳተሚያና ለሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ ይበቃል ብዬ አስባለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላምታዬን አድርስ።

የምትወድህ እህትህ