ጅቡ አይፍረስ፣ ሽቦው ይቀየር፦ ለደሴ ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለደሴ ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ደሴ

ጉዳዩ፦ በከተማችን በአንድ የሕፃናት መዝናኛ ውስጥ ያለው የጨለማ ባቡር ከመፍረስ ይልቅ ታድሶ እንዲቀጥል ስለመጠየቅ

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ደሴ ተወልጄ ያደግሁ፣ ኮምቦልቻ ከሚገኙት ፋብሪካዎች በአንዱ በኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛነት ለረጅም ዓመታት ሐረጎን እየወጣሁና እየወረድሁ አገልግዬ በጡረታ የተገለልሁ ሰው ነኝ። የምጽፍለት መዝናኛ የግል ይዞታ ነው። ስሙን ያልጠቀስሁት ማንንም ለመክሰስ ስላልተነሣሁ ሲሆን፣ ቦታውን የደሴ ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል።

ቤቱ ከውጭ ሲታይ የእህል መጋዘን የሚመስል የቆርቆሮ ቤት ነው። ውስጡ ግን አንዲት ሐዲድ እየተጠማዘዘች የምታልፍበት ጨለማ ሲሆን፣ ሁለት ሁለት ልጆች የሚይዙ ጋሪዎች በኤሌክትሪክ እየተጎተቱ ይሄዱበታል። ጋሪው አንዱ ትዕይንት ፊት ሲደርስ ጎማው ከሐዲዱ አጠገብ የተቀመጠችውን ብረት ይረግጣል፤ ብረቷ ማብሪያውን ትጫናለች፤ ማብሪያው አምፖሉንና ሞተሩን በአንድ ጊዜ ያስነሣል። ጋሪው ሲያልፍ ሁሉም ተመልሶ ጸጥ ይላል። ልጆች ቦታውን በስሙ ጠርተውት አያውቁም፤ «ጅቡ ቤት» ነው የሚሉት።

ጅቡን የሠሩት አንድ የሥዕል መምህር ነበሩ። አካሉ የሽቦ መረብና ጆንያ ሆኖ በጄሶ የተለሰነ ነው፤ ጋማው ቃጫ ነው፤ ጥርሶቹ ከነጭ የዘይት ጀሪካን ተቆርጠው የተሞረዱ ናቸው። ራሱን የሚያዞርለት ከአሮጌ አይሱዙ የወጣ የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ነው፤ እንደ መጥረጊያው ግራና ቀኝ ሄዶ ስለሚመለስ ጅቡ «አይሆንም፣ አይሆንም» የሚል ይመስላል። ይህን ያስተዋልነው እኛ ሳንሆን ልጆቹ ናቸው። ከጅቡ ቀጥሎ የባቲ ገበያ ግመሎች አሉ፤ ከግመሎቹ በኋላ አንድ ኩርባ ይመጣና ጋሪው ከመውጣቱ በፊት በፋኖስ ብርሃን ቡና በምታፈላ እናት ፊት ያልፋል። የቤቱ ስፋት ከአንድ የሠርግ አዳራሽ አይበልጥም፤ ልጆቹ ግን ሲወጡ ሐይቅ ድረስ ሄደው የተመለሱ ይመስላቸዋል።

አሁን የመዝናኛው ባለቤቶች ይህን ቤት አፍርሰው በቦታው የስክሪን ጌም ለመትከል የግንባታ ፈቃድ ሊጠይቁ እንደተዘጋጁ ከራሳቸው ሰምቻለሁ። ምክንያታቸው ቤቱ አደገኛ ሆኗል የሚል ነው። በዚህ ላይ ከእነርሱ ጋር እስማማለሁ፤ አደጋው ግን ያለው በሽቦው፣ በበሩና በጣሪያው እንጂ በትዕይንቶቹ ላይ አይደለም። የምለምነውም ይህ እንዲለይ ነው።

አደጋውን በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ የክረምት ቅዳሜ የልጅ ልጄ ከሌላ ልጅ ጋር ውስጥ ሳለች መብራት ጠፋ። የስልኬን ባትሪ አብርቼ ስገባ እግሬ መሬት ላይ በተዘረጋ የዲቫይደር ገመድ ተጠላለፈ። የኋላው በር ይቀርበኛል ብዬ ወደዚያ ስሄድ ከውጭ በቁልፍ ተዘግቶ አገኘሁት፤ ልጆቹን በመጣሁበት መንገድ ይዤ ወጣሁ። ምንም አልሆኑም፤ እንዲያውም ልጅቱ ጅቡ መብራት ሲጠፋ የት እንደሚያድር ጠየቀችኝ። እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም፤ ምክንያቱም በዚያ ቤት ካሉት ሽቦዎች ግማሹን በየጊዜው በፕላስተር እየጠቀለልሁ ያስቀጠልሁት ራሴ ነኝ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ከተጠያቂዎቹ አንዱ ሆኜ ነው።

የዚህ ዓይነቱ መዝናኛ ታሪክ ለውሳኔው ይጠቅማል ብዬ ስለማምን ባጭሩ ላንሣው። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ፣ ኬኒውድ በተባለው ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1901 የተከፈተው «ኦልድ ሚል»፣ ማለትም «አሮጌው ወፍጮ»፣ ሰዎችን በጀልባ አሳፍሮ በጨለማ ቦይ ውስጥ የሚያሳልፍ ነበር። ኒው ጀርሲ ውስጥ አነስተኛ ፓርክ የነበረው ሊዮን ካሲዲ እንዲህ ያለ የውኃ ቦይ ለማሠራት ቢመኝም ገንዘቡ አልበቃው አለ። ስለዚህ ጀልባውን በጋሪ፣ ቦዩን በአንዲት ሐዲድ ተክቶ በኤሌክትሪክ የሚሄድ የጨለማ ቤት ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1928ም «ፕሪትዝል» የተባለውን ኩባንያ መሠረተ። ፕሪትዝል ተጠማዝዞ የሚጋገር ዳቦ ሲሆን ስያሜው የሐዲዱን መጠማዘዝ ያስታውሳል። በእንግሊዝ ብላክፑል እ.ኤ.አ. በ1930 የተተከለው ደግሞ «ጎስት ትሬይን»፣ የመናፍስት ባቡር ተባለ። የእኛው ጅብ ቤት የዚያ ሥራ ዘመድ ነው፤ እጅ ሲያጥር በብልሃት የሚሠራ ነገር ለደሴም እንግዳ አይደለም።

ስለ እድሳት የምንማረውም ከዚያው ከኬኒውድ ነው። «አሮጌው ወፍጮ» እ.ኤ.አ. በ2004 የቀድሞ ትዕይንቶቹ ተነሥተው በአንድ የታወቀ የካርቱን ድመት ተተኩ። ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ2020፣ ፓርኩ ድመቱን አንሥቶ ቤቱን ወደ ቀድሞ ስሙ መለሰው። እነርሱ ተሳስተው የሚመልሱበት አቅም ነበራቸው። እኛ ጅቡን አንድ ጊዜ ከሰባበርነው የሚመልሰው የለም፤ የሥዕል መምህሩም አርፈዋል።

የእሳቱን ነገር ግን በዝርዝር መጻፍ አለብኝ። በአውስትራሊያ ሲድኒ ከተማ፣ በሉና ፓርክ የነበረው የመናፍስት ባቡር እ.ኤ.አ. ሰኔ 9 ቀን 1979 ምሽት ተቃጥሎ ስድስት ልጆችና አንድ ጎልማሳ ሞቱ። በኒው ጀርሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. ግንቦት 11 ቀን 1984 ሰዎች በእግራቸው የሚያልፉበት አንድ የማስፈራሪያ ግንብ ተቃጥሎ ስምንት ወጣቶች አለቁ። እሳቱን ያፋፋመው ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ስፖንጅ ነበር፤ በቤቱ ውስጥ ጢስ ጠቋሚም ሆነ በራሱ ውኃ የሚረጭ ማጥፊያ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ የወጡ የሕንፃ ደንቦች እንዲህ ባሉ ቤቶች ሁለቱም እንዲኖሩ ያዝዛሉ፤ ጢስ በታየ ጊዜ ድምፁ ሁሉ ቆሞ የቤቱ መብራት በራሱ እንዲበራም ይጠይቃሉ። ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል ቢመስልም ትልቅ ነው፤ ሰው መንገዱ እንዲጠፋበት ሆን ተብሎ በተሠራ ቤት ውስጥ መውጫውን ፈልጎ ማግኘት ለአዋቂም ይከብዳልና።

እዚህ ላይ የራሴን ክርክር የሚፈታተን ነገር አለ፤ ልደብቀው አልፈልግም። ጅቡ ራሱ ማገዶ ነው። ጆንያና ቃጫ ከትኩስ አምፖል አጠገብ ማስቀመጥ ክብሪት ከማስቀመጥ አይሻልም። ስለዚህ «እንዳለ ይቀመጥ» የሚለውን ልመና እኔም አልደግፈውም። ትኩስ አምፖሎቹ በሙሉ በማይግል ኤልኢዲ መተካት አለባቸው፤ ጆንያው እሳት በሚከላከል ቅብ መነከር አለበት፤ ቃጫው ይህንንም ካልቻለ ተነቅሎ በማይቀጣጠል ነገር ይተካ። ለልጁ የሚታየው ያው ጋማ ነው። በኮምፔንሳቶ የተሠሩት ክፍልፋዮች ፈርሰው በብሎኬት ወይም በጂፕሰም ቦርድ ይሠሩ። ሽቦው ከሥሩ ተነቅሎ በቧንቧ ውስጥ ይለፍ፤ የአይሱዙ ሞተር በ24 ቮልት የሚሠራ ነውና ሐዲዱን ጨምሮ ልጅ እጁን ሊሰድድበት የሚችለው ነገር ሁሉ በዝቅተኛ ቮልት ይሁን። የኋላው በር ከውስጥ በመግፋት ብቻ የሚከፈት ይሁን፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚበሩ የመውጫ ምልክቶችም ይተከሉ። የደሴ ጉምና የክረምት እርጥበት ሽቦን እንዴት እንደሚበላ ለጽሕፈት ቤቱ መንገር አያሻኝም፤ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምንኖር ሰዎች ነን። ጣሪያው ካልተደፈነ ግን ከላይ የዘረዘርሁት ሁሉ በሁለት ክረምት ይበላሻል።

አንዳንድ ወላጆች ልጆቻችን በ2014 ዓ.ም. የጦርነቱን ድምፅ በጆሯቸው ሰምተዋል፣ ከዚህ በኋላ ማስፈራሪያ ምን ያደርግላቸዋል ይላሉ። አባባላቸውን አልንቅም። ነገር ግን የልጅ ልጄን ሳያት ያስተዋልሁት ሌላ ነው። ያ ፍርሃት ሳይጠራ የመጣ ነበር። ይህኛውን ልጅቱ ራሷ ቲኬት ቆርጣ፣ የጓደኛዋን ክንድ ይዛ ትገባበታለች፤ ማብቂያው ቡና የምታፈላው እናት ዘንድ መሆኑንም ታውቃለች። የማይፈልግ ልጅ በግድ እንዳይገባ ግን በሩ ላይ የሚቆመው ሠራተኛ ሊታዘዝ ይገባል።

ስለ ወጪው ረጅም አልጽፍም። ስክሪን በውጭ ምንዛሪ ይገባል፤ የመብራት ኃይል ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ይቃጠላል፤ ሲቃጠልም እዚህ የሚጠግነው ጥቂት ነው። የመጥረጊያ ሞተር ግን ከየትኛውም የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ይገኛል።

ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱ የማፍረሻ ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት ሕንፃ ሹሙ፣ የእሳት አደጋ መከላከል ባለሙያዎችና የባህልና ቱሪዝም ባለሙያ በአንድ ቀን ቤቱን ገብተው እንዲያዩት፣ ምን እንደሚፈርስና ምን እንደሚቀር በጽሑፍ እንዲለዩ ያደርግልኝ ዘንድ እጠይቃለሁ። ሥራው እስኪያልቅ ቤቱ ለአንድ ልጅ እንኳ እንዳይከፈት፣ ፍተሻውን ሳያልፍም ቲኬት እንዳይሸጥበት ይታዘዝልኝ። ለሥራው የኮምቦልቻ የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች ቢጋበዙ ለእነርሱ ጥሩ መለማመጃ ነው፤ የኮንትሮሉን ሥዕላዊ ንድፍ ያለ ክፍያ እሠራለሁ። ባለቤቶቹም ፈቃዱ ከእድሳት ጋር ከመጣላቸው እምቢ እንደማይሉ ነግረውኛል፤ ያልነገሩኝ ገንዘቡን ከየት እንደሚያመጡ ነው፤ በዚህ በኩል የኪራይ ወይም የግብር እፎይታ የሚቻል ከሆነ ውሳኔው የጽሕፈት ቤቱ ነው።

የጅቡ ሞተር በአሁኑ ሰዓት እኔ ቤት ነው። ካርቦኑ አልቆ ስለነበር ለጥገና አውጥቼው በዚያው ቤቱ ተዘጋ፤ አሁን ጠግኜው ጠረጴዛዬ ላይ ይዞራል። ባለሙያዎቹ ቤቱን የሚያዩበት ቀን ከተነገረኝ ይዤው እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ፣ ደሴ