ቁጥሩ የተለካው በስንት ዲግሪ ነው?

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

ከእርሳስ ነፃ ስለሆኑ ፒየዞኤሌክትሪክ ቁሶች፣ ማለትም ሲጫኑ ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጩ ቁሶች፣ ሲጻፍ ለአንባቢ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቁጥር ብቻ ነው። (እርሳስ ስንል ብረቱን ነው፤ የመጻፊያው እርሳስ ግራፋይት ስለሆነ አይመለከተውም።) እ.ኤ.አ. በ2004 ከጃፓን የወጣው በፖታሲየም ሶዲየም ኒዮቤት ላይ የተመሠረተ ሴራሚክ በኒውተን 416 ፒኮኩሎምብ (በእያንዳንዱ የግፊት አሃድ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ሙል መጠን) ማስመዝገቡ በእርግጥ የሚደነቅ ነበር። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ቁጥር ሙቀቱ ካልተጠቀሰ ጎደሎ ነው።

ፖታሲየምና ሶዲየም እኩል የሆኑበት ንጹሕ ውህድ በ200 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ከኦርቶሮምቢክ ወደ ቴትራጎናል የክሪስታል ቅርጽ፣ በ420 ገደማ ደግሞ ወደ ኪዩቢክ ይለወጣል፤ ኪዩቢክ ከሆነ በኋላ ፒየዞኤሌክትሪክነቱ ይጠፋል። ሊቲየም፣ ታንታለምና አንቲሞኒ ሲጨመሩበት የመጀመሪያው ሽግግር ወደ ክፍል ሙቀት ይወርዳል። ሁለቱ ቅርጾች በሚገናኙበት ሙቀት ፖላራይዜሽኑ (በውስጡ ያሉት የኤሌክትሪክ ሙሎች የተደረደሩበት አቅጣጫ) በቀላሉ ስለሚዞር ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ሙቀቱ ከዚያ ሲርቅ ይወርዳል። እርሳስ ባለበት በተለመደው ቁስ፣ በእርሳስ ዚርኮኔት ታይታኔት፣ ግን የቅርጾቹን ድንበር በዋናነት የሚወስነው የቅይጡ መጠን (ዚርኮኒየም 52፣ ታይታኒየም 48) በመሆኑ መዋዠቁ በጣም ያነሰ ነው።

ሴራሚኩ በሌላ ቁስ ላይ እንደ ስስ ንጣፍ ሲቀባ ነገሩ ይብሳል። ንጣፉ ሲሊከን ላይ ከ600 እስከ 700 ዲግሪ ተተኩሶ ሲቀዘቅዝ ሲሊከኑ በየዲግሪው 2.6 ሚሊዮንኛ ያህል ብቻ ይኮማተራል። ሴራሚኩ ከዚያ በላይ መኮማተር ሲገባው ስለተያዘ ተወጥሮ ይቀራል። ፖላራይዜሽኑ ወደ ጎን መተኛት ይቀናዋል፣ የሽግግሩ ሙቀት ከቦታው ይዛነፋል፣ ሽግግሩም በአንድ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ በሰፊ ክልል ይዘረጋል። ስለዚህ የወፍራሙን ሴራሚክ ሠንጠረዥ ለንጣፍ መገልበጥ ስህተት ነው።

ሌላው ጣጣ ፖታሲየምና ሶዲየም በእሳት መትነናቸው ነው። ለማካካስ በሚቀባው ፈሳሽ ውስጥ በመቶ 10 ያህል ትርፍ ይጨመራል። ካነሰ ኒዮቢየም የበዛበት ባዕድ ውህድ ይፈጠራል፤ ከበዛ ደግሞ ትርፉ እርጥበት ስቦ ኤሌክትሪክ ያሾልካል። ይህ ሹልከት በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ሲለካ የሽግግሩን ምልክት ይሸፍነዋል። ስለዚህ የሽግግሩ ልኬት በ100 ኪሎኸርዝ፣ ሲሞቅም ሲቀዘቅዝም ቢደረግ ይሻላል፤ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የተገኙት ሁለት የልኬት መስመሮች ላይገጥሙ ይችላሉ። የክሪስታሉን ቅርጽ ለማየት የሚደረገው የተለመደው የኤክስሬይ ቅኝትም ከገጹ ጋር ትይዩ የሆኑትን የአቶም ንብርብሮች ብቻ ስለሚያይ፣ ናሙናውን አዘንብሎ መለካት ግድ ነው።

ወደፊት እንዲህ ያለ ዜና ስታወጡ ከቁጥሩ ጎን የሙቀት ክልሉንና ንጣፉ የተቀመጠበትን ቁስ ብትጠቅሱልን እናመሰግናለን።

ከአክብሮት ጋር