ናሙናው እዚሁ ደሴ ይመርመርልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

አክስቴ የጡት ካንሰር እንዳለባት እዚሁ ደሴ ተነገራት። የትኛው መድኃኒት እንደሚስማማት ለማወቅ ግን ከዕጢዋ የተወሰደው ናሙና አዲስ አበባ መሄድ ነበረበት። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ! ሳምንታት ጠበቅን። እሷ እንቅልፍ አጣች።

ምርመራው የሚፈልገው ዕጢው ላይ ያሉትን ፕሮቲኖች ነው። ኢስትሮጅን የሚባለውን ሆርሞን የሚቀበል ፕሮቲን ከተገኘ ታሞክሲፌን የሚባለው ኪኒን ይረዳል፤ ከሌለ ግን አይጠቅምም። ሄር-2 የሚባለው ፕሮቲን ከበዛ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በ1998 እ.ኤ.አ. የተፈቀደው ትራስቱዙማብ የሚባለው መድኃኒት አለ። የእሱ ዋጋ አይቀመስም። ታሞክሲፌን ግን ርካሽ ነው። እሱን ለማዘዝ ይህን ያህል መጠበቅ አንጀት ያሳርራል።

ለደሴና ለኮምቦልቻ ሕሙማን የምርመራው ኬሚካልና ናሙናውን የሚመረምር የፓቶሎጂ ባለሙያ እዚሁ ይሟላልን።

አንባቢያችሁ፣ ከሰኞ ገበያ፣ ደሴ